ፍየል ያልቀመሰው ሎሚ

ታፈሰ በሞያሌ ከተማ፣ በኬንያው ወገን፣ ልብስ ሰፍቶ የሚያድር ሰው ነው። የሚሠራባት ክፍል በወይዘሮ ሰሎሜ ሆቴል ግቢ፣ ከዋናው በር አጠገብ ያለችው ጠባብ ቤት ናት። በውስጧ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና በግማሽ በርሜል የተተከለ አንድ ሎሚ ይገኛሉ። ዛፍ በቤት ውስጥ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ብቻ ነው። የሞያሌ ሰው አይጠይቅም፤ ምክንያቱን ያውቀዋልና። በዚህ ከተማ ፍየል እንደ ባለ አገር በመንገድ መካከል ትሄዳለች፤ በር ክፍት ካገኘች ትገባለች፤ ካርቶን ትበላለች፣ የሲሚንቶ ከረጢት ትበላለች፣ በገመድ ላይ የተሰጣ ሸሚዝ ካገኘች እጅጌውን ታኝካለች። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የሚለው ተረት የተተረተው ምናልባት በደጋ ነው፤ ምስክሮቹ ግን የሚኖሩት እዚህ ነው።

ታፈሰም ይህን ስለሚያውቅ ሎሚውን ከፍየል፣ ከሰው እጅና ከሰው ዓይን ሰውሮ ስድስት ዓመት አሳደገው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ቅጠሉን ለመዳበስ እጁን ከዘረጋ «ወንድሜ፣ ሱሪህ በዚህ በኩል ነው» ይለዋል። ሲወጣ በሩን በሁለት ቁልፍ ይዘጋል፤ ከዘጋም በኋላ ሦስት እርምጃ ሄዶ ይመለስና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይጎትታቸዋል።

ሰውን የሚጠረጥረው በክፋት አይደለም። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ የተማረው እስከ አራተኛ ክፍል፣ የሚያውቀው ሙያ ጠመንጃ መያዝ ብቻ። ጠመንጃውን ጥሎ ድንበር ተሻገረና ዋልዳ በነበረው የስደተኞች ሰፈር ገባ። እዚያ ወደ ሌላ አገር ለመሄድ ስሙን በሦስት ዝርዝር አስመዝግቦ፣ ዝርዝሮቹ ሲነበቡ በሦስቱም ሳይጠራ ቀረ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አንድን ነገር በዓይኑ ካላየ፣ አይቶም ደግሞ ካላየ፣ አያምንም። መርፌና ክር የያዘው፣ ቆንጂትንም ያገባው እዚያው ዋልዳ ነው። በሰፈሩ ውስጥ ግን ማንም ሰው አንዲት ችግኝ አይተክልም ነበር። «ነገ አገራችን ለምንገባ ምን ያደርግልናል?» ይባል ነበር፤ ያ ነገ ዓመታት ፈጀ። ሰፈሩ ሲዘጋ ገሚሱ ወደ አገሩ፣ ገሚሱ ወደ ሌላ ሰፈር ሲሄድ፣ ታፈሰና ቆንጂት ሞያሌ ቀሩ።

የሚኖሩበት ቤት የሰው፣ የሚሠሩበት ክፍል የሰው፣ መኪናው እንኳ ለብዙ ዓመት የሰው ነበር። አንድ ቀን ታፈሰ ጉንፋን ይዞት፣ ቆንጂት ሎሚ የጨመቀችበትን ሻይ ጠጥቶ ሲጨርስ፣ ከብርጭቆው ሥር አንዲት የሎሚ ዘር አገኘ። በጣቱ አውጥቶ፣ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ አፈር ሞልቶ፣ ቀበራት። ጣሳው ጀሪካን ሆነ፣ ጀሪካኑ በርሜል ሆነ። ያ ሎሚ ታፈሰ በሕይወቱ የተከለው የመጀመሪያው ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ሎሚው ዛፍ ሊሆን አልቻለም። በክፍሉ ጣራ ላይ ብርሃን የምታስገባ አንዲት የፕላስቲክ ቆርቆሮ አለች፤ በርሜሉ ከሥሯ ተቀምጧል። ሎሚው ብርሃኗን እያየ፣ ግራና ቀኝ ሳይል፣ እንደ ጦር ዘንግ ቀጥ ብሎ ወደ እርሷ ወጣ። ውፍረቱ የአውራ ጣት ያህል፣ ቅርንጫፉ አንድ የለም፤ ግንዱ ላይ እዚህም እዚያም የቀሩ ጥቂት ቅጠሎች፣ አናቱ ላይ ደግሞ አንድ ጭብጥ የሚያህል አረንጓዴ። በስድስተኛው ዓመት አናቱ ቆርቆሮዋን ገፍቶ ከሚስማሯ አነሣት። በዝናቡ ወራትም ውኃው በዚያ ቀዳዳ ወርዶ፣ በጠረጴዛው ላይ የነበረውን የሆቴሉን መጋረጃ አበሰበሰ።

በፈረንጆቹ 2015፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ወይዘሮ ሰሎሜ ወደ ክፍሉ ገቡ። ወይዘሮ ሰሎሜ ሰፊ ሴት ናቸው፤ በአንድ ጊዜ ሦስት ሠራተኛ እያዘዙ ለአራተኛው የሚስቁ ሰው። የዚያን ዕለት ግን አልሳቁም።

«ታፈሰ፣ ይሄ እንጨት ጣራዬን አነሣው።»

«እንጨት አይደለም፣ ወይዘሮ ሰሎሜ። ሎሚ ነው።»

«ሎሚ ፍሬ አለው። ዛፍ ቅርንጫፍ አለው። ይሄ ምን አለው? የድንኳን ምሰሶ ነው!»

«ጊዜ ይፈልጋል እንጂ…»

«ስድስት ዓመት! በስድስት ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ይገባል።» እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «ስማኝ። አስፋልቱ እየደረሰ ነው። ሾፌሩ ሁሉ ሊያድርብኝ ሲመጣ ጣራዬ እያፈሰሰ አልቀበለውም። ለሆሳዕና ቆርቆሮ አስመጥቼ ግቢውን በሙሉ አስከድናለሁ። እስከዚያ ድረስ በዚህ ነገር ላይ ቅርንጫፍ ካየሁ፣ በላዩ የብርሃኑን ቆርቆሮ አስመታለታለሁ፤ ይቀመጥ። ካላየሁ ግን ድፍኑን ብረት ነው የማስመታው። እንጨትህም ወደ ግቢ ይወጣል።»

«ግቢው ውስጥ ፍየል አለ፣ ወይዘሮ ሰሎሜ።»

«ፍየልም የእግዜር ፍጥረት ናት፤ ትብላ» አሉና ወጡ።

ታፈሰ በመጀመሪያ ያሰበው ሴትዮዋ ክፍሉን ለሌላ ሰው ሊሰጡት ፈልገው በሎሚው አመካኙ ብሎ ነው። ይህን ለቆንጂት ነገራት። ቆንጂት ከጎኑ ተቀምጣ ቁልፍ የምትተክል፣ ጠርዝ የምትቀምቅም፣ ከእርሱም ይልቅ ደንበኛ የሚወዳት ሴት ናት።

«ክፍሉን ቢፈልጉ ኖሮ ውጣ ይሉህ ነበር። ሰሎሜን ምን ቸግሯቸው ነው በሎሚ የሚዞሩህ?» አለችው። «ስድስት ዓመት ሙሉ እንደ ሙሽራ ዘግተህበት ተቀመጥክ። ሙሽራ እንኳ ይወጣል እኮ! ከአናቱ ቁረጠው፣ ቢያንስ ከጣራው ይላቀቅ።»

«የሚያድግ ነገር አይቆረጥም።»

«ጨርቅ ስትቆርጥ ትውል የለም?»

«ጨርቅ ብሳሳት እሰፋዋለሁ። ይሄን በምን እሰፋዋለሁ?»

ስለዚህ ሳይቆርጥ መፍትሔ ፈለገ። አናቱን በክር አስሮ፣ ጎንበስ አድርጎ፣ ክሩን ከጠረጴዛው እግር ጋር አሰረው። ሎሚው ለአራት ቀን እንደ ተቀጣ ተማሪ አጎንብሶ ቆየ፤ በአምስተኛው ቀን ጫፉ ከታሰረበት በላይ ቀና ብሎ እንደገና ወደ ቆርቆሮዋ አቀና። ታፈሰ ክሩን ፈታ። ሁለተኛ ደግሞ ፍግ አመጣና አፈሩን ለወጠ፤ ሎሚውም ፍጉን በልቶ ወደ ላይ ብቻ ሌላ አራት ጣት ጨመረ። እንዲህ ሲል ሦስት ሳምንት አለፈ። የዐቢይ ጾም ገባ።

በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት፣ በከብት ገበያ ቀን፣ ጎሎ የሚባሉ ሽማግሌ የኮታቸው ኪስ ተቀዶ ሊያስሰፉ መጡ። ጎሎ ከዳበል ፍየል እየነዱ መጥተው የሚሸጡ የቦረና ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው በገበያ የተማሩት ነው። ኮቱን አውልቀው ሰጥተው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሎሚውን ከሥር እስከ አናት ተመለከቱና በአፋቸው የያዙት መፋቂያ እስኪወድቅ ድረስ ሳቁ።

«ፉንዲ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ልብስ ሰፊውን ሁሉም በስዋሂሊው ቃል ፉንዲ ይለዋል።

«ሎሚ ነው፣ ኦቦ ጎሎ።»

«ውሸት! ሎሚ ያቤሎ አይቻለሁ። ሎሚ እንደ ሰሎሜ ነው፣ ወገቡ ሰፊ። ይሄ የግመል መንጃ በትር ነው።» አሁንም ሳቁ። «ገባኝ። ይሄ ልጅ ፍየል አላየም።»

«እንዳያይ ነው ቤት ያስገባሁት።»

«እሱ ነዋ በሽታው! አፍ ያልነካው እንጨት አናቱ አንድ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፍየል መጥታ አናቱን ስትበላበት ይናደዳል። በአንድ አናት ፈንታ ሦስት ያወጣል። ደግሞ ስትበላ፣ ደግሞ ይናደዳል። ቁጥቋጦ የሚሆነው በንዴት ነው።»

ታፈሰ መርፌውን ከኮቱ ኪስ ላይ ሳያነሣ ሽማግሌውን በቅንድቡ ሥር ተመለከታቸው። «እርስዎ ፍየል ሻጭ ነዎት። ለፍየል ጠበቃ ቢቆሙ አይገርመኝም።»

«ጠበቃ ሰው ይበላል፤ ፍየል ቅጠል ብቻ ነው የምትበላ። አላመንክም? ዓይን አለህ፣ ሜትር አለህ። ሂድ እይ!»

ቆንጂት ጠርዝ እየቀመቀመች ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ታፈሰ ሄዶ አየ። በእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሜትሩን በኪሱ ይዞ፣ በዳበል መንገድ ከከተማው ጥግ ወጥቶ፣ ፍየሎች በሚውሉበት ሜዳ ቁጥቋጦዎቹን እየዞረ ይመረምር ጀመር። በቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት የሚያልፉ ሰዎች «ፉንዲ፣ ለዛፍ ኮት ልትሰፋ ነው?» እያሉ ተሳለቁበት። ፍየል የነከሰችውን ቀንበጥ ሁሉ በጣቱ ይዞ ተመለከተ። አሮጌው ንክሻ ደርቆ ጠቁሯል፤ ከደረቀው በታች ካለው ጉጥ ግን ሁለት፣ አንዳንድ ቦታም ሦስት ቀንበጥ ወጥቷል። የእነዚያም አናት ተነክሶ ከያንዳንዳቸው ሌላ ሁለት ወጥቷል። በሃያ ቁጥቋጦ ላይ እንዲህ ሆኖ አገኘው። ሃያው አልበቃውም። ሲመለስ አንድ የታጠረ ግቢ ውስጥ፣ እሾህ ተከምሮበት ፍየል ያልደረሰበት፣ የዚያው ዓይነት እንጨት አየ፤ ቀጥ ብሎ፣ አናቱ ላይ ብቻ ቅጠል ይዞ፣ ልክ እንደ እርሱ ሎሚ ቆሟል። ታፈሰ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ የግቢው ባለቤት «ምን ጠፋብህ?» እስኪሉት ድረስ ተመለከተው።

ማታ እራት ላይ ለቆንጂት፣ «ሽማግሌው አልዋሹም» አላት።

«እኔ ቁረጠው ስልህ ግን ዋሽቼ ነበር?»

«አንቺ ምክንያቱን አልነገርሽኝም።»

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት በሩን ከውስጥ ዘጋ። የጨርቅ መቀሱን አላነሣም፤ እርሱ ከጨርቅ በቀር ምንም ነክቶ አያውቅም። የብረት መጋዝ ምላጭ ገዝቶ በፈላ ውኃ አጥቦ አዘጋጀ። ከዚያም ሎሚውን እንደ ሰው ለካው። በደረቱ ልክ ግንዱ ላይ ሦስት ጉጦች ተቀራርበው ይገኛሉ፤ ከእነርሱም በታች አሥራ አንድ ቅጠሎች ቀርተዋል። ከላይኛው ጉጥ አንድ ጣት ከፍ አድርጎ በልብስ ሰፊ ጠመኔው ሰያፍ መስመር አሰመረ። ሰያፍ ያደረገው ውኃ ቢደርሰው እንዳይቋጥር ነው።

መጋዙን ጠመኔው ላይ አሳርፎ ግንዱን ከላይ እስከ ታች አየው። ስድስት ዓመት ሙሉ በጀሪካን ውኃ ተሸክሞ ያመጣለት ነው፤ የመንገዱ ቧንቧ ደርቆ ሰው ለመጠጥ በተሰለፈበት ወቅት እንኳ የፊቱን መታጠቢያ ለእርሱ አካፍሏል። ከመስመሩ በላይ ያለው ርዝመት ሦስት ዓመት ያህል ይሆናል። ቆንጂት በሁለት እጇ ግንዱን እንዳይወዛወዝ ያዘችለት። ታፈሰ ጥርሱን ነክሶ ሳበ። የሎሚ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ አናቱ ከነቅጠሉ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ቁርጡን በምላጭ አለስልሶ፣ የወደቀውን ሰብስቦ፣ በሩን ከፈተና ወደ መኪናው ተመለሰ። የዚያን ዕለት ሁለት ጊዜ እጅጌ ገልብጦ ሰፋ።

ወይዘሮ ሰሎሜ በሦስተኛው ቀን መጥተው አዩት። «ኧረ ምን በደለህ? አንገቱን ቀነጠስከው!»

«ቅርንጫፍ ሊያወጣ ነው።»

«በየት በኩል? አፍ የለው፣ አናት የለው!»

«እስከ ሆሳዕና ጊዜ ሰጥተውኛል» አለ ታፈሰ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። ታፈሰ ሕመምተኛ የሚያስታምም መስሎት ሎሚውን በየማለዳው ውኃ ያጠጣው ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ከአሥራ አንዱ ቅጠሎች ሦስቱ ቢጫ ሆነው ረገፉ። ማን ገብቶ ምን እንዳደረገበት ለማወቅ ቁልፎቹን መረመረ፤ መስኮቱን መረመረ፤ የሆቴሉን አስተናጋጅ በክፉ ዓይን አየው። ቆንጂት ግን ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰካችና ጭቃውን አሳየችው።

«ሌባው ይኸውልህ። አናቱን ቆርጠህበት እንደ በፊቱ ጠጣ ትለዋለህ? የሚጠጣለት ቅጠል እኮ የለውም!»

ታፈሰ ጭቃውን አየ፤ ጣቷን አየ። «ሰምቻለሁ» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አፈሩ ሁለት ጣት ያህል ካልደረቀ ውኃ አላጠጣውም። በርሜሉን ጠዋት ጠዋት በሩ ሲከፈት ወደ ብርሃኑ ያዞረዋል፤ በየቀኑ አንድ ሩብ ዙር፣ ሁሉም ወገኑ ፀሐይ እንዲያይ። ቅጠል መርገፉ ቆመ። ሌላ ነገር ግን አልታየም።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ከላይኛው ጉጥ አንድ አረንጓዴ ነጥብ ብቅ አለ። በሳምንቱ ስንዝር የሚያህል ቀንበጥ ሆነ። ታፈሰ በልቡ ተደሰተ፤ ቆንጂትም በአፏ እልል አለች። ዳሩ ግን ቀንበጡ አንድ ብቻ ነበር። ሁለቱ የታችኞቹ ጉጦች ዝም እንዳሉ ናቸው፤ እርሱ ግን ተቆርጦ የሄደውን አናት ተክቶ፣ ወንድሞቹን ረስቶ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ቆርቆሮዋ ይገሰግስ ጀመር።

ወይዘሮ ሰሎሜ አንድ ጊዜ ብቅ ብለው፣ «ምሰሶው ልጅ ወለደ» አሉ። «አባቱን ነው የመሰለው።»

«ቅርንጫፍ ነው» አለች ቆንጂት።

«የኔ እመቤት፣ ቅርንጫፍ ወደ ጎን ነው የሚሄደው። ይሄ ያው በትሩ ነው የቀጠለው። የኔ ቃል ቃል ነው፤ ሆሳዕና ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።»

በዚያው ሳምንት ገበያ ጎሎ ፍየል ሸጠው ሲመለሱ ጎራ አሉ። ታፈሰ ቀንበጡን አሳያቸው። ሽማግሌው ጠጋ ብለው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፉንዲ፣ አንተ ሰነፍ ፍየል ነህ። አንድ ቀን የነከሰች ፍየል ነገም ትመጣለች። አንተ አንዴ ነክሰህ ሄደህ ተኛህ።»

«ያለኝ ይሄው አንድ ነው፣ ኦቦ ጎሎ። ይሄን ብነካው ሌላው ባይወጣስ?»

«ባይወጣማ የለህም» አሉ ጎሎ፣ ሳይስቁ። «ብትተወውም ግን ያው በትር ነው።»

ሽማግሌው ከሄዱ በኋላ ታፈሰና ቆንጂት ሥራቸውን ቀጠሉ። ለትምህርት ቤት የሚሰፋ የደንብ ልብስ ነበራቸው፤ ታፈሰ የኮሌታውን መስመር እየተከተለ ነገሩን በልቡ ያወጣል፣ ያወርዳል። ቀንበጡን ቢተወው በሆሳዕና ወይዘሮ ሰሎሜ ይህን አይተው ምሰሶ ይሉታል፤ ድፍኑ ብረት ይመታል፤ ሎሚው ግቢ ይወጣል። ቢቀነጥሰውና የታችኞቹ ባይነሡ፣ ባዶ ግንድ ይዞ ይቀርባል። በሁለቱም በኩል ገደል ነው፤ በአንደኛው በኩል ግን ሜዳ ላይ በዓይኑ ያየው ሃያ ቁጥቋጦ አለ። መኪናውን አቆመ።

«ልቀነጥሰው ነው» አለ።

ቆንጂት መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «ተው እባክህ፣ ታፈሰ። አንድ እንኳ ይኑረን። ደግሞ ሰሎሜ ልባቸው ሩኅሩኅ ነው፣ ለምነን…»

«አልለምንም።»

«አንተ አትለምን። እኔ እለምናለሁ።»

«አንቺም አትለምኚ። ቅርንጫፍ አምጣ ብለውኛል፤ ቅርንጫፍ ነው የማመጣላቸው።»

ተነሣ። መጋዝም ምላጭም አላስፈለገውም፤ ቀንበጡ ገና ለስላሳ ነው። ከሥሩ ሁለት ቅጠል አስቀርቶ፣ የቀረውን በአውራ ጣቱ ጥፍርና በሌባ ጣቱ ይዞ ቀነጠሰው። ቆንጂት ፊቷን አዞረች። ታፈሰ የተቀነጠሰውን ቀንበጥ መዳፉ ላይ አድርጎ አየውና ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ቀናት ታፈሰ በልብስ ሰፊ ዓይን ኖራቸው፤ የመርፌ ቀዳዳ በሚያይበት ዓይን ጉጦቹን በየሰዓቱ አየ። አራት ቀን ምንም የለም። ሰባት ቀን ምንም የለም። ደንበኞች «ፉንዲ ታመመ እንዴ?» ብለው ቆንጂትን ጠየቋት። በዘጠነኛው ቀን የመካከለኛው ጉጥ እብጠት ያዘ። ታፈሰ እብጠት መሆኑን አላመነም፤ መነጽሩን ጠርጎ ደገመው። በማግስቱ የታችኛውም አበጠ፤ ተቀንጥሶ ከቀረው ቀንበጥ ብብት ደግሞ ሌሎች ሁለት ነጥቦች ታዩ። ለማንም አልተናገረም። ለቆንጂት እንኳ ጣቱን ብቻ ቀስሮ አሳያት፤ በቃል ቢጠራቸው የሚመለሱ ይመስል።

ቆርቆሮው የመጣው ግን ከተባለው ቀን አስቀድሞ ነው። ከሆሳዕና በፊት ባለው ረቡዕ የጭነት መኪናው በር ላይ ቆመ፤ ቱፋ የሚባለው አናጢ ከሁለት ሰው ጋር መሰላሉን ይዞ ገባና በቀጥታ ወደ ስፌት ቤቱ መጣ።

«ከዚህ ነው የምንጀምረው። ዕቃችሁን አውጡ» አለ።

«ሆሳዕና ነበር የተባለው» አለ ታፈሰ።

«ዝናብ ቀድሞ ከመጣ ለሆሳዕና ምን ታደርገዋለህ? ሰማዩን አታየውም?»

ሰማዩ በእርግጥ ከብዶ ነበር። የስፌት መኪናው ወጣ፣ ጠረጴዛው ወጣ፤ በመጨረሻ በርሜሉን ታፈሰና ቆንጂት ተሸክመው ግቢው መካከል አኖሩት። ሎሚው ከተዘራ ወዲህ ሰማይ ሲያይ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ፍየሎቹም ወዲያው አወቁ፤ ሦስት ሆነው ከውኃ ጋኑ ጀርባ ዞረው መጡ። ታፈሰ የጨርቅ መለኪያውን እንጨት ይዞ በርሜሉን በጀርባው ጋርዶ ቆመ። ከጣራው ላይ አሮጌው ቆርቆሮ እየተነቀለ ይንኮሻኮሻል። ፊቱ በላብ ቢታጠብም ከቦታው አልተነቃነቀም። ቆንጂት «ተቀመጥ እንጂ፣ እኔ ልጠብቅ» ብትለው አልሰማትም።

ወይዘሮ ሰሎሜ ቆርቆሮውን እያስቆጠሩ መጥተው ሎሚው ፊት ደረሱ። ቱፋ ከጣራው ላይ ሆኖ ጮኸ፦

«እማማ! በዚህኛው ላይ ብረቱን ነው ወይስ የብርሃኑን?»

ወይዘሮ ሰሎሜ ሎሚውን ጠጋ አሉት። ከቦርሳቸው መነጽራቸውን አውጥተው አጠለቁ። በክፍሉ ጨለማ ውስጥ የማይታየው በግቢው ብርሃን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጎንበስ አሉ።

«አንድ» አሉ። ከመካከለኛው ጉጥ የጣት ጫፍ የሚያህል፣ ወደ ግራ የዞረ ቀንበጥ ነበር። «ሁለት።» የታችኛው ነው፣ ወደ ቀኝ። «ይሄስ? ሦስት። አራት።» የኋለኞቹ ከገብስ ፍሬ አይበልጡም።

«ትናንሽ ናቸው» አሉ ቀና ብለው።

«ትናንሽ ናቸው» አለ ታፈሰ።

«እነዚህ ቅርንጫፍ ይባላሉ?»

«እኔ ስም አላወጣላቸውም። ቅርንጫፍ ካየሁ ያሉት እርስዎ ነዎት። አይተዋል።»

ወይዘሮ ሰሎሜ መነጽራቸውን ሳያወልቁ ትክ ብለው አዩት። አንዲት ፍየል በክንዱ ሥር አፍንጫዋን አሾለከች፤ ታፈሰ ዓይኑን ከሴትዮዋ ሳይነቅል በእንጨቱ ገፋት።

«እማማ!» አለ ቱፋ እንደገና። «ሚስማሩን ይዤ ስንት ሰዓት ልቁም?»

«የብርሃኑን!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ሰሎሜ። «ሁለቱን አጣምረህ ምታ። አንዲት ብቻ ሆና ነው እንዲህ አንገቱን ያስመዘዘችው።»

ታፈሰ እንጨቱን ዝቅ አደረገ። «ለምን ሁለት?» ሲል ጠየቀ።

«ወይ አንተ ሰውዬ! ስሰጥህም ትጠረጥራለህ?»

«ለማወቅ ያህል ነው።»

«ማድ ቤቴ ከያቤሎ የደረቀ ሎሚ መግዛት ሰልችቶታል። አወቅክ?»

«ፍሬው ገና ነው። አሁን ስለቆረጥኩት ደግሞ ይዘገያል፤ ዓመትም ሁለት ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። ዛሬ ልንገርዎ፣ ኋላ እንዳይወቅሱኝ።»

«ይፍጅ!» አሉና ቆርቆሯቸውን ወደማስቆጠሩ ተመለሱ። ቆንጂት ሳቋ አመለጣት፤ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ከቀትር በኋላ በርሜሉ ተመልሶ ገባ። ዝናቡ የዚያኑ ዕለት ወረደ፤ በአዲሶቹ ቆርቆሮዎች ላይ እየተንኳኳ ሲፈስስ አንዲት ጠብታ አልገባችም። ታፈሰ ግን ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ የሚስማሮቹን ዙሪያ ሁሉ በጣቱ ዳሰሰ።

በፋሲካ ማግስት ከአራቱ ቀንበጦች አንዱ ከሌሎቹ በሦስት ጣት ቀድሞ ወደ ላይ ሄደ። ቅጠሉ የሚያምር፣ እሾሁ ገና ለስላሳ፣ ከሁሉም የበረታው እርሱ ነበር። ቆንጂት አየችውና ባሏን አየችው። ታፈሰ የያዘውን ኮሌታ እስከ መጨረሻው ሰፋ። ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ኮሌታውን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወደ ሎሚው ተነሣ።